ናስ የማያጠቁር ዘይት

ልጄ ሁለት ዓመት ስትፈልገው የኖረችው ካምቢዮ ጎንደር የገባው የነቢያት ጾም በተያዘ በሦስተኛው ቀን ነው። ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና መጣ፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ። ከመናኸሪያ በባጃጅ አምጥታው በራችን ላይ ስትቆም፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ። በዚያ ወር መንገዱ ክፍት ነበር። ስለ መንገዱም ስለ ካምቢዮውም አመሰገንሁ።

ልጄ መካኒክ ናት። ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ጋራዥ ትሠራለች። ከሥራ የተረፈ ጊዜዋን ሁሉ የምታጠፋው በራሷ መኪና ላይ ነው። መኪናዋ አሮጌ፣ ባለ ሁለት በር፣ በኋላ ጎማዋ የምትገፋ ናት። የጥንት ሞተሯን አውጥታ ቱርቦ ያለው ሌላ ሞተር ገጠመችላት፤ ጉልበቷ እጥፍ ሆነ። ያን ጉልበት ግን የድሮው ካምቢዮ አልቻለውም። አንድ ቀን ጮኸና ቀረ። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ ቆመች። ጎረቤቶቼ «ያንቺ ዶሮዎች እኮ የሚያድሩት ቱርቦ ቤት ነው» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። አንዲት ዶሮ በኋላ መቀመጫው ላይ ጫጩት ፈልፍላበታለች።

ካምቢዮ ውስጥ ምን እንዳለ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ልጄ የሞተውን ፈትታ አሳየችኝ። በየማርሹ ላይ ስስ የናስ ቀለበት አለ። ማርሽ ሲቀየር ቀለበቱ የሚሽከረከረውን ይዞ ያረጋጋዋል፤ ከዚያ ማርሹ ያለ ጩኸት ይገባል። የእኛው ቀለበቶች ጥርሳቸው አልቆ እንደ ሽማግሌ ድድ ሆነው ነበር። የዚህ ዓይነት ካምቢዮ አሁን አይሠራም። አዲስ የመጣው ሌላ ወንድም የለውም። ይህም ከተበላሸ መኪናዋ ለዶሮዎቹ ትቀራለች።

ታኅሣሥ ሲያልቅ ደግሞ መኪና ወዳዶች ያሰናዱት የሽቅብ ውድድር ነበር። ከከተማው ጫፍ ተነሥቶ በደባርቅ መንገድ እስከ ኮሶዬ የሚወጣ። መኪኖቹ አንድ በአንድ ይለቀቃሉ፤ ሰዓት ይያዝላቸዋል። ልጄ ተመዝግባለች። ያ ውድድር አምስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ እኔም ብሆን ከእርሷ ባልተናነሰ ቀን እቆጥር ነበር።

ካምቢዮው ተገጠመ። ባዶ ነበርና ዘይት ፈለገ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የጀመረው።

ልጄን ሥራ ያስተማሯት አንድ ሽማግሌ አሉ። ሁላችንም አያ እንላቸዋለን። አርባ ዓመት የጭነት መኪና ካምቢዮ ሲፈቱ የኖሩ ሰው ናቸው። እጃቸውን ቢታጠቡም አይነጣም። ካምቢዮው መግባቱን ሲሰሙ ጀሪካን አንጠልጥለው መጡ። ክዳኑን ከፍተው ዘይቱን በእንጨት አንሥተው አሳዩን። እንደ ማር ተዝለገለገ።

«ይህ ነው ዘይት» አሉ። «ቀጭን ዘይት ውኃ ማለት ነው። ብረት ከብረት ያጋጫል።»

ልጄ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተችና ዘጋችው። መምህሯ ናቸው። ጨመረችው።

በማግስቱ ማለዳ ልትሞክራት ወደ ኮሶዬ ልትወጣ ስትል እኔም ገባሁ። ምን ልሠራ እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ከተማው ውስጥ ማርሹ እየከበደ ገባ። ሽቅቡን ጨርሰን ኮሶዬ ላይ ሞተሯን አጥፍተን ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን። ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር። ልጄ እንደገና አስነሥታ አንደኛ አስገባች፤ ሁለተኛ ልታስገባ ስትል ካምቢዮው ጮኸ። እጇን ከማርሹ ላይ የጋለ ድስት እንደ ነካች ሁሉ ሰበሰበችው።

«አንድ ጊዜ ጮኸ» አለች። «ደጋግሜ ካስጮህሁት ቀለበቱ ያልቃል።»

«ምነው፣ አሁን ስንወጣ ገብቶልሽ አልነበር?»

«ዘይቱ ረጋ፣ እማዬ። በዚህ ብርድ እንደ ቅቤ ረግቷል። ቀለበቱ ዘይቱን ሰንጥቆ ሊይዝ አልቻለም።»

ሁለተኛ ማርሽን ሳትነካ፣ በአንደኛ ብቻ፣ እስከ ከተማው ወረድን። ከኋላችን መኪና ተሰለፈ። ገበያ የሚወርዱ ሰዎች በእግራቸው ደረሱብን። አንዱ በመስኮት አጎንብሶ «መኪናዋ ጾመኛ ናት? አቅም አጣች እኮ» አለን። ልጄ አልሳቀችም። እኔ ግን ሳቅሁ፤ ይቅር ይበለኝ።

አያ ዘንድ ሄድን።

«ዘይቱ በብርድ ረጋ፣ አያ» አለች ልጄ።

«የኔ መኪኖች አርባ ዓመት በዚህ ዘይት ሄደዋል።»

ያን ጊዜ እኔ ገባሁበት። «የት የት ሄዱ፣ አያ?»

«የት ይሆናል! በአይከል አድርገው መተማ። ሁመራ። ሰሊጥ ጭነው።»

«ቆላ ነዋ» አልሁ።

ጢማቸውን ዳበሱ። «እቴ፣ ዘይትም ቆላና ደጋ አለው ልትይኝ ነው?» አሉና በራሳቸው ሳቁ። «አለው እንዴ፣ ልጄ?»

«አለው» አለች። ደስ አላት። ለካ ይህን ልትነግራቸው ፈርታ ኖሯል። የመኪናዋ መጽሐፍ የሚለው ቀጠን ያለ ዘይት ነው፤ በብርድ የሚፈስ፣ ሲሞቅም የማይቀጥን። ከዚያ በላይ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ደረጃ አራት መሆን አለበት።

ዘይት ሱቅ ሄድን። ቀጭኑ ነበር። የሁሉም ደረጃ ግን አምስት ነው። ባለ ሱቁ አራት እንደሌለው ሲነግራት እንደ ማጽናናት «አምስት ከአራት ይበልጣል፣ እህቴ። ይህን እንኳ ትምህርት ቤት አልነገሩሽም?» አላት። ልጄ አምስቱን ገዛች። ለካምቢዮው አይደለም፤ ለዲፈረንሻሉ ነው፤ የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው እርሱ ነው።

ቤት ስንመለስ ሽሮ እያማሰልሁ ልዩነቱን ጠየቅኋት። አጠገቤ ተቀምጣ አስረዳችኝ። ዲፈረንሻል ውስጥ ጥርሶቹ እየተንሸራተቱ ይፋጫሉ፤ ጭነቱ ከባድ ነው። ስለዚህ የአምስት ዘይት ውስጥ ብርቱ መድኃኒት ይገባል፤ ዲን ያለበት። ያ መድኃኒት ብረቱን ያድናል፤ ሲሞቅ ግን ናስ ይበላል። ደግሞም በጣም ያንሸራትታል፤ ቀለበቱ መያዝ ሲገባው ያሟልጨዋል። አራቱ ግን ለናሱ ይራራል።

«እንግዲህ አራቱ የጾም፣ አምስቱ የፍስክ ነው» አልኋት።

በቤታችን ቅቤ የነካ ማማሰያ የጾም ወጥ ውስጥ አይገባም። ማሰሮው ለየብቻ ነው፤ መደርደሪያውም ለየብቻ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ከገባኝ ወዲያ ደግሞ ዝም ማለት አልቻልሁም። በጋራዡ ለሁሉም ዘይት አንድ ማፍሰሻ እንደሚጠቀሙ ሳይ ዘገነነኝ። ሁለት ጆግ፣ ሁለት ማፍሰሻ ገዛሁ። ልጄ በቀለም አንዱ ላይ «ጾም»፣ ሌላው ላይ «ፍስክ» ብላ ጻፈችበት። የጋራዡ ሰዎች «እናታችን ካምቢዮውን ንስሐ አስገቡት» እያሉ ሳቁብኝ። በሳምንቱ ግን «የፍስኩን አቀብለኝ» ሲባባሉ ሰማሁ።

የአራቱን ዘይት ልጄ ከአዲስ አበባ አስላከች። የቆላውን ዘይት ቀድተን አውጥተን፣ ካምቢዮውን በቀጭን ዘይት አለቅልቀን ጠበቅን። ውድድሩ ስድስት ቀን ሲቀረው አራት ጠርሙስ መጣ፤ እያንዳንዱ አንድ ሊትር። ሁለቱ ከአንድ ሱቅ፣ ሁለቱ ከሌላ። ካምቢዮው ሁለት ሊትር ተኩል ይይዛል። ሊተርፍ ነው ብለን ደስ አለን።

ሁሉም ላይ አራት ይላል። እኔም አነበብሁት። ክዳኑን ስንከፍት ግን ከሁለተኛው ሱቅ የመጡት ሁለቱ ጠርሙሶች ሌላ ሸተቱኝ። ያ ሽታ የፍል ውኃ ነው። ከጋብቻዬ በፊት ወገቤን ታምሜ እናቴ ፍል ውኃ ጸበል ወስዳኝ ነበር። ስንገባ የአንገታችንን የብር መስቀል አውልቀን ለጠባቂ እንሰጥ ነበር፤ ካልሰጠን በማግስቱ ይጠቁራል። ሽታው ከዚያ ወዲህ ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

«ይህ የፍስኩ ነው» አልሁ።

«እማዬ፣ አራት ነው የሚለው።»

«ጠርሙሱ ይላል። ዘይቱ አይልም።»

ጠርሙሱን አገላብጣ አየችው። ክዳኑ እንደ ሌሎቹ የታሸገ ነው። «የካምቢዮ ዘይት ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይሸታል» አለች። «በአፍንጫ ብቻ አልደፋውም። በአፍንጫ ብቻም አልጨምረውም።» ከዚያ ዓይኗ በራ። ተነሥታ ወደ ሞተው ካምቢዮ ሄደች። ያረጀ የናስ ቀለበት ይዛ ተመለሰች።

ቀለበቱን በመጋዝ ሦስት ቦታ ቆረጠችው። ቁራጮቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገቻቸው፤ ወርቅ መሰሉ። ሦስት የቲማቲም ጣሳ አጥቤ አደረቅሁ። በአንዱ እርግጠኛ የሆንበትን የዲፈረንሻል ዘይት፣ በሁለተኛው ከመጀመሪያው ሱቅ የመጣውን፣ በሦስተኛው ያጠራጠረንን ቀዳን። በየጣሳው አንድ አንድ የናስ ቁራጭ ጣለችበት። ከሰል ምድጃውን ወደ ግቢ አውጥቼ አመድ አለበስሁት፤ እሳቱ እንዲለዝብ። ማጨስ የለበትም አለችኝ። ለዚህ እንኳ እርሷ አታስተምረኝም፤ ቅቤ ሳነጥር ነው ያረጀሁት።

ሁለት ሰዓት ጠበቅን። እርሷ ግቢውን ትዞራለች፤ እኔ ጸሎቴን እደግማለሁ። እውነቱን ለመናገር በየመካከሉ ዓይኔ ወደ ጣሳው ይሄድ ነበር። አያም መጡ። ምን እየሠራን እንደሆነ ስንነግራቸው በርጩማ ስበው ምድጃው አጠገብ ተቀመጡ።

ልጄ ቁራጮቹን በጉጠት አወጣቻቸው። በጨርቅ ጠረገቻቸው። የዲፈረንሻሉ ጠቁሯል፤ እንደተጠበቀው። ከመጀመሪያው ሱቅ የመጣው ዘይት ውስጥ የነበረው ናስ እንደገባ ወጣ፤ ያበራል። ሦስተኛው የከሰለ እንጀራ ጠርዝ መስሏል።

እልል አልሁ። አምልጦኝ ነው። ጎረቤቴ ምን ተገኘ ብላ በአጥር ብቅ አለች። «ናስ ጠቆረ» ብላት ምን ይገባታል፤ «ደግ ነው፣ ሁሉም ደግ ነው» አልኋት።

ልጄ አቀፈችኝ። እጇ ዘይት ነበር፤ ነጠላዬ ላይ እስካሁን አለ።

ደስታው ሲበርድ ሒሳቡ መጣ። ሁለት ጠርሙስ ወደቀ። የቀረን ሁለት ሊትር ነው፤ ያውም ለጣሳው የቀዳነው ሳይቀነስ። ግማሽ ሊትር ጎደለን። ሌላ ለማስላክ ጊዜ የለም። ዘይት አጉድሎ መንዳት ደግሞ ካምቢዮውን በገዛ እጅ መግደል ነው።

«ግማሽ ሊትሩን ከዚያው ሙሉት» አሉ አያ፣ የወደቀውን ጠርሙስ እያሳዩ። «በሁለት ሊትር ደህና ዘይት ውስጥ ግማሽ ሊትር ምን ያደርጋል?»

ልጄ አየችኝ። ለመምህሯ መመለስ አሁንም ይከብዳታል።

«አያ» አልኋቸው፣ «በጾም ወጥ ውስጥ አንድ ማንኪያ ቅቤ ምን ያደርጋል?»

አያ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጾም ሽረው አያውቁም። ከበርጩማው ተነሡና ባርኔጣቸውን ይዘው ወጡ። የተቀየሙ መሰለኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ከማለዳ ጀምሮ አዘዞን ሲያስሱ ነበር። ጋራዥ በጋራዥ፣ መጋዘን በመጋዘን። በመጨረሻ አንድ የድሮ ደንበኛቸው ለሸጠው መኪና ገዝቶት ሳይከፈት የቀረ አንድ ሊትር አገኙ። አራት ይላል። ከጋቢያቸው ውስጥ አውጥተው ለልጄ አልሰጧትም፤ ለእኔ ሰጡኝ።

«አሽትቺው፣ እቴ።»

አሸተትሁት። ፍል ውኃ የለበትም። እርሳቸው ግን በአፍንጫዬ አልረኩም። ምድጃው ይውጣ አሉ። ናስ ቆርጠው፣ ራሳቸው ፈትገው፣ ጣሳው አጠገብ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ። ጥሬ ቆልቼ ሰጥቻቸው እንኳ ዓይናቸውን ከጣሳው አላነሡም። ናሱ ሲወጣ ወደ ፀሐይ አቀኑት።

«ሸጋ ነው» አሉ። «አርባ ዓመት ሙሉ ምን ያህል ናስ አስበልቼ ይሆን?»

«የእርስዎ መኪኖች የጭነት ናቸው» አለቻቸው ልጄ። «የጭነት መኪና ይችላል።»

«አታጽናኚኝ» አሉና «በይ ጨምሪ» አሏት።

በጾሙ ማፍሰሻ ጨመረችው። ከጎን ያለው ቀዳዳ ላይ ደርሶ ሊፈስ ሲል ቡሎኑን አጠበቀች። ዲፈረንሻሉን በፍስኩ ሞላች። በእርሱ ላይ ደግሞ ከትንሽ ብልቃጥ አንድ ሌላ ፈሳሽ ጠብ አደረገች፤ የእርሷ ዲፈረንሻል ሁለቱን የኋላ ጎማ አንድ ላይ የሚይዙ ሳህኖች አሉት፤ ያ ፈሳሽ ካልገባ በመዞሪያ ላይ ያጉረመርማል አለችኝ። አዘዞ ሜዳ ላይ ወስዳን ቀስ እያለች ስምንት ቁጥር ስትሠራ ዋለች። አንድ ጊዜም አላጉረመረመም። እኔና አያ ከኋላ ተቀምጠን እንደ ሕፃን ግራ ቀኝ እንወዛወዝ ነበር። አያ ያዙኝ ያዙኝ እያሉ በመካከል «ድገሚው» ይሏታል።

የውድድሩ ዕለት ማለዳ ከሰው ቀድሜ ወጣሁ። ቦታዬን ራሴ መርጫለሁ። ከኮሶዬ በታች መንገዱ እጥፍ የሚልበት ጠመዝማዛ አለ። እዚያ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ካልወረደች አትታጠፍም። ብርዱ እንደዚያኛው ማለዳ ነበር። እጄን ጋቢዬ ውስጥ አድርጌ ቆምሁ። ሌሎች መኪኖች አለፉ። ፈጣን ናቸው፤ አላየኋቸውም ብል ይቀለኛል።

የእርሷን ድምፅ ከሩቅ ለየሁት። ቱርቦው ያፏጫል። ድምፁ ወደ እጥፋቱ እየቀረበ መጣ፤ ፍሬን ያዘች፤ ሞተሩ ለአፍታ ዝም አለ። ያቺ አፍታ ረዘመችብኝ። ከዚያ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ድምፁን አነሣ፤ ንጹሕ፣ ያለ ኮሽታ። ሁለተኛ ገባ። መኪናዋ ጅራቷን ትንሽ ወረወረችና ቀናች፤ ዐቧራውን አልብሳኝ ወጣች። አጠገቤ የቆሙት ሰዎች ስለ ፍጥነቷ ያወሩ ነበር። እኔ የምሰማው ሦስተኛ ሲገባ ነበር፤ ከዚያ አራተኛ። አንዱም አልጮኸም። ስሙ ይመስገን ብዬ በአቋራጭ በእግሬ ወደ ኮሶዬ ሮጥሁ። ሮጥሁ ስል በእኔ ዕድሜ ሩጫ የሚባለውን ነው።

ስደርስ ልጄ መኪናዋን ከሰዉ ለይታ አቁማለች። ክሪክ ገብቶ አንድ ጎኗ ተነሥቷል፤ ልጄ ከሥር ተኝታ እግሯ ብቻ ይታያል።

«እማዬ፣ ነጭ ሳህን» አለችኝ፣ ሰላም ሳትለኝ።

ከመንገድ ዳሩ ምግብ ቤት ሄጄ ለመንሁ። ሴትዮዋ «ምን ልትበዪበት ነው?» አለችኝ። «የካምቢዮ ዘይት» አልኋት። ሳህኑን ሰጥታኝ እየሳቀች ተከተለችኝ።

አያ በሰዉ መካከል እየተጋፉ መጡ። «ሁለተኛ! ሁለተኛ ወጥታለች! ስሟን እየጠሩ ነው፤ ምነው እዚህ ተጋደመች?»

«ቆይ፣ አያ» አለች ከሥር። «ገና አላየሁትም።»

ከካምቢዮው ጎን ካለው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት በሳህኑ ላይ አወረደች። ትኩስ ነበር፤ በብርዱ ተነነ። ከሥር ወጥታ ሳህኑን ወደ ፀሐይ አዘነበለችው። ናስ ከተበላ ዘይቱ ውስጥ የወርቅ ትቢያ ይታያል። ሦስታችንም አጎነበስን፤ የምግብ ቤቷ ሴትዮም አጎነበሰች። ዘይቱ ሳህኑ ላይ ቀስ እያለ ተዘረጋ። ልጄ ጣቷን ነክራ አሸችው፤ እንደገና ነከረች።

«ምንም የለበትም» አለች። «ለከርሞም ይሄዳል።»

ወደ ምሥራቅ ዞሬ ተሳለምሁ። ከወዲያ ስሟን ለሦስተኛ ጊዜ ይጠሩ ነበር፤ እርሷ ቡሎኑን ልታጠብቅ ተመልሳ ከመኪናዋ ሥር ገባች።